መርዶ እስኪደርስ ሲኒማ

ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ የእድራችን ሰብሳቢ ደወሉልኝ። ሦስት ሰዓት የምለው በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ሲያትል ሃያ ስድስት ዓመት ኖሬም ከፈረንጅ ሰዓት ጋር አልታረቅኩም። ጋሼ የሚኖሩት ኬንት ነው፤ በጠዋት ሰው ጋ የሚደውሉ ሰው አይደሉም።

«ልጄ፣ እየነዳሽ ነው?» አሉኝ።

ይህ ጥያቄ ሲመጣ ቀድሜ ወንበር ስቤ እቀመጣለሁ። ለደስታ የደወለ ሰው እየነዳሽ ነው ብሎ አይጠይቅም።

«ቤት ነኝ ጋሼ፣ ይንገሩኝ።»

«የጓደኛሽ ወንድም ከአዲስ አበባ ደውሎልኝ ነበር፤ አሁን ነው የዘጋሁት። እናታችን ታማ ሆስፒታል ተኝታለች፣ ለእህቴ ብቻዋን ሳትሆን፣ ሰው ባለበት፣ ቀስ ብላችሁ ንገሩልኝ ነው የሚለው።» ቀጥለውም «እንግዲህ ገብቶሻል» አሉ።

ገባኝ። የማን ልጅ ነኝና አይገባኝም! የእኛ ሰው ሞትን በስልክ አይናገርም። ደዋዩ ታሟል ይላል፣ ሰሚው ነፍስ ይማር ይላል፤ ከዚያ ሽማግሌ ይሰበሰብና ሐዘንተኛው ቤት ተሂዶ መርዶ ይነገራል። በዚህ ከተማ ስንት መርዶ ላይ እንደተገኘሁ ቆጥሬ አላውቅም። ሁሉም የጀመሩት ታሟል በሚል ስልክ ነው። አንድም ቀን እውነት ታሞ የተገኘ ሰው የለም።

«ነፍስ ይማር» አልኩ።

«ነፍስ ይማር» አሉ ጋሼም። ከዚያ ወደ ሥራው ገባን። አንዱ ሽማግሌ ኤርፖርት ፈረቃ ላይ ነው፣ አንዱ ታክሲ ላይ ነው፣ ቄሱ ክርስትና አለባቸው። ስለዚህ ከአሥራ አንድ ሰዓት በፊት የሚሆን ነገር የለም። «እስከዚያ አንቺ ይዘሻት ዋዪ» አሉኝ። «ስልክ እንዳታይ። ፌስቡክ የሚባል ነገር አጠገቧ እንዳይደርስ። በደንብ ደግሞ አብዪያት።»

ማብላቱ የታወቀ ነው። ሐዘንተኛ መርዶ ከሰማ በኋላ እህል አይቀምስም፤ ስለዚህ ሳያውቅ እንዲጠግብ ይደረጋል። ስልኩም ያለ ምክንያት አይደለም። ከጥቂት ዓመት በፊት አንዲት የእኛ ሴት የአባቷን ሞት በስልኳ ያየችው መሪ እንደጨበጠች ነው። ፍሪዌይ መሀል መኪናዋን አቁማ፣ ወርዳ እየጮኸች ስትሮጥ ፖሊስ ነው የያዛት። ከዚያ ወዲህ እድራችን ጠንቃቃ ሆነ።

የእኔ ሥራ ደግሞ መያዝ ነው። ሽማግሌ ይናገራል፣ እኔ ከሴትየዋ ጎን እቀመጣለሁ፤ ቃሉ ሲወጣ ደረቷን እንዳትደቃ እጇን እይዛለሁ፣ ስትወድቅ አብሬ እወድቃለሁ። ትከሻዬ ሰፊ ነው፤ ለዚህ ይሆናል የመረጡኝ። በሳምንቱ ቀናት የትምህርት ቤት አውቶብስ እነዳለሁ፤ ሃምሳ ፈረንጅ ሕፃን በአንድ ዓይን የምቆጣጠር ሴት ነኝ።

ልጄ ወጥ ቤት በር ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። ኮሌጅ አንትሮፖሎጂ ነው የምታጠናው። ምንድን ነው ስላት ሰው ስለ ሰው የሚማርበት ነው አለችኝ፤ ለዚህማ ሌክ ሲቲ ያለው እንጀራ መሸጫ በር ላይ መቆም ይበቃ ነበር ብያታለሁ።

«ማሚ፣ ሺ ሃዝ ኤ ራይት ቱ ኖው» አለችኝ፤ የማወቅ መብት አላት ማለቷ ነው።

«መብት ያልሽው ሰውዬ፣ ሰው ሲወድቅ ይይዛል?»

«ኦኬ፣ ግን ለምንድን ነው ወንዶቹ የሚናገሩት፣ እናንተ ሴቶቹ ደግሞ የምትይዙት?»

«እንግዲህ ጀመረሽ!» ብዬ የመኪናዬን ቁልፍ አነሣሁ። ነገሩ ግን ሊንውድ እስክደርስ አልለቀቀኝም። እውነቷን ነው እኮ። በሌላው ነገር ሁሉ አፌ የታወቀ ነው፤ ስብሰባ ላይ ሰብሳቢውን ሳይቀር አስቆማለሁ። በዚህ ሁሉ ዓመት ግን ሞተ የምትለዋ ቃል ከእኔ አፍ ወጥታ አታውቅም። ማን ከለከለኝ? ማንም። ተናገሪ አልተባልኩም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

ጓደኛዬ በሩን የከፈተችው እየሳቀች ነው። «ምነው በጠዋት? ቤትሽ ተቃጠለ?»

«ሲኒማ» አልኳት። ይህ ጥርጣሬ አያስነሳም፤ አልፎ አልፎ ቅዳሜ የቀን ፊልም እንገባለን። እሷ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ቅዳሜ ካልወጣች ሳምንቱ አያልቅላትም።

ልብስ እየቀየረች ከመኝታ ክፍል ጮክ ብላ ታወራኛለች። «እማዬ ከሐሙስ ጀምሮ ስልክ አታነሳም። ወንድሜም እንደዚሁ። ሶ፣ ኔትወርክ ይሆናል አይደል?»

«ኔትወርክ ነው» አልኩ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ስልኳ ጠረጴዛው ላይ ነበር። አጠፋሁትና ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ስትወጣ «አንድ ቅዳሜ እንኳ ያለ ስልክ ብትውዪ አትሞቺም፣ እኔ ጋ ነው» አልኳት። ሰው በክፉ ቀን ምን ዓይነት ቃል ነው ከአፉ የሚወጣው! እሷ ግን ሳቀች። «ጥሩ፣ አንቺው ጠብቂው» አለች።

አሁን ዋናው ጭንቀት መጣ። ይቺ ሴት ሥራውን ታውቀዋለች። አንድ ጊዜ አንዲት ሴት ወንድሟ ሞቶባት ሽማግሌ እስኪሰበሰብ የገበያ አዳራሽ ይዘናት የዞርነው እኔና እሷ ነን። ከአንዱ ጫማ ቤት ወደ ሌላው ጫማ ቤት ስናዞራት፣ ስናስለካት፣ ስንስቅላት ዋልን። ሴትየዋ ማታ መርዶውን ስትሰማ መጀመሪያ ያየችው እኛን ነው። ስለዚህ ዛሬ ደግ ከሆንኩ አለቀልኝ። ልጋብዝሽ ካልኩ አለቀልኝ። እንደ ወትሮዬ ክፉ መሆን አለብኝ። ጸጉርሽን ምን ነክቶት ነው እንዲህ የሆነው ብዬ ጀመርኩ፤ መኪና ፓርክ ሳደርግ በእሷ ምክንያት እንደዘገየን አድርጌ ነዘነዝኳት።

ምሳ ቤት ግማሹን በልታ ሣህኑን ገፋችው። «የቀረውን ላስጠቅልለው፣ ራት ይሆነኛል» አለች።

ራት። ዛሬ ማታ አንቺ የት ራት ትበያለሽ የኔ እህት ብዬ በሆዴ አለቀስኩ። «ሲኒማ ውስጥ ምግብ ይዘው አይገቡም፣ ጨርሺው» አልኳት።

«ቦርሳዬ ውስጥ እከተዋለሁ።»

«ብዪ አልኩሽ!»

ሹካዋን አስቀምጣ አየችኝ። አተኩራ ነው ያየችኝ። «ዛሬ ምን ሆነሻል?»

ጉዴ ፈላ። የሰው ፊት ማንበብ የዕለት ሥራዋ ነው፤ መናገር የማይችሉ ሽማግሌዎች ምን እንደፈለጉ የምታውቀው ከዓይናቸው ነው። እኔ ደግሞ ዓይኔን የት ላድርገው? «ምን ልሆን! ገንዘብሽን ከፍለሽ ምግብ ስትጥዪ ነዋ የሚያናድደኝ» አልኩና ከሣህኗ ላይ አንስቼ መብላት ጀመርኩ። ይህ የእኔ ጠባይ ስለሆነ ተረጋጋች። እየሳቀች ሣህኑን ቀማችኝና ጨረሰችው።

ሰባት ሰዓት ላይ ገባን። ፈንዲሻ ይዛለች። ጨለማው መልካም ነበር፤ ፊቴን መጠበቅ አይኖርብኝም። ግን ምን ዋጋ አለው፣ አንድ ሰዓት ያህል እንደሄደ ፊልሙ ራሱ ከዳኝ። ሁለት ዩኒፎርም የለበሱ ሰዎች አንዲት ሴት ቤት በር ያንኳኳሉ። ባሏ ሞቷል። አንደኛው ኮፍያውን አውልቆ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይነግራታል። ካሜራው ፊቷ ላይ ይቀርባል፣ ይቀርባል፣ አይለቃትም። ሰዎቹ አዝናለሁ ብለው ይሄዳሉ። ሴትየዋ ብቻዋን ወለሉ ላይ ትቀመጣለች።

ጓደኛዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። «እንዲህ ነው እንጂ! አንድ ዓረፍተ ነገር። እኛም ሥራ ቦታ እንደዚሁ ነው፤ አረጋውያኑ ሲሞቱ ለልጆቻቸው በስልክ እንነግራቸዋለን፣ ስለነገራችሁን እናመሰግናለን ብለው ይዘጋሉ። እኛ ግን ሰውን እንደ በሬ ከበን ነው የምንጥለው። እኔስ እንዲህ ቢነግሩኝ ነው የምመርጠው።»

ከፈንዲሻዋ ዘገንኩ። መልስ ግን ነበረኝ፤ እስከ ዛሬም አለኝ። በእነሱ ፊልም ሐዘን ፊት ነው፤ ለማያውቀው ሕዝብ ሁሉ በሰፊው ይታያል፣ የሚነካው ግን የለም። በእኛ ቤት የሐዘንተኛዋን ፊት ማንም አያየውም፤ ሰው ትከሻ ውስጥ ገብቷል። የቱ ይሻላል? በዚያ ሰዓት ብትጠይቁኝ የእኛ ይሻላል እላችሁ ነበር። ሆኖም አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት አፍ አውጥታ ንገሩኝ ብላለች፣ እኔ ደግሞ ስልኳን ቦርሳዬ ውስጥ ዘግቼ ይዣለሁ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው እንዲህ ያለውን አይደል? ኬንት ያለው ሰው ሁሉ ያውቃል፣ ልጄ ታውቃለች፤ የሟቿ ልጅ ግን ፈንዲሻ ትበላለች።

አልቻልኩም። «ሽንት ቤት» ብዬ ወጣሁ።

ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ለወንድሟ ደወልኩ። ቁጥሩ ነበረኝ፤ ባለፈው ጊዜ አገር ቤት ስሄድ የእሷን ዕቃ ያደረስኩት ለእሱ ነው። እዚያ እኩለ ሌሊት አልፏል፤ ግን የሐዘን ቤት መች ይተኛል ብዬ ነው። እግዜር ያጥናህ ልለው፣ ቀብሩንም ልጠይቀው፤ ጋሼም ቀብሩን ማወቅ ይፈልጋሉ። ገና በመጀመሪያው ጥሪ አነሳው።

«ሃሎ! እህቴ ናት?»

«እኔ ነኝ፣ ጓደኛዋ። እግዜር ያጥናህ ወንድሜ። ቀብሩ ስንት ሰዓት ላይ ነው?»

«የምን ቀብር?»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርኩት።

«የማን ቀብር ነው የምትዪኝ? እማዬ እኮ አለች፣ አጠገቧ ተቀምጫለሁ! ታማለች አልኩ እንጂ ሞተች አልኩ እንዴ?»

ሰውየው ያለውን ነው ያለው። እውነቱን ተናግሯል፣ የሚያምነው ሰው ብቻ ነው ያጣው። ጋሼ አላመኑም፣ እኔ አላመንኩም፤ አንዲት ጥያቄ ብንጠይቅ ምን ነበረበት? ግን ማን ይጠይቃል! ሞቱ ወይ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። በነውር ፍራቻ በቁማቸው ቀበርናቸው።

«ለጋሼ አመሻሽ ላይ ነው የነገርኳቸው» ይላል ወንድሟ፣ ድምፁ እየተሰበረ። «እሷ ድንገት ብቻዋን እንዳትደነግጥ ብዬ። እስከ አራት ሰዓት ድረስ እማዬ ትናገር ነበር። ልጄ አልደወለችም ወይ እያለች አመሸች። እኔ ስደውል የእህቴ ስልክ ዝግ ነው። ምን ዓይነት ጭካኔ ነው ብዬ አዘንኩባት።»

ዝግ የሆነው ስልክ ቦርሳዬ ውስጥ ሆኖ ክንዴ ላይ ተንጠልጥሏል። እዚያ አራት ሰዓት ሲሆን እዚህ ቀትር ነው፤ እኔ ብዪ አልኩሽ እያልኩ ሣህን ላይ ስጣላት።

«አሁን መተንፈሻ አድርገውላታል፤ ትነቃለች፣ ትተኛለች። ሐኪሙ ብዙም ተስፋ አልሰጠንም። ስልኩን ጆሮዋ ላይ እይዝላታለሁ፣ አሁኑኑ አገናኚያቸው።»

ልክ ይሄን ጊዜ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? በሩን በርግጄ እንደመግባት ለጋሼ ደወልኩ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይህ ነው። የለመድኩትን ፈለግኩ፤ ወንድ ይንገራት።

«በሕይወት አሉ ጋሼ» አልኳቸው። «እማማ በሕይወት አሉ!»

«እግዚኦ…» አሉ። «እኔ ነኝ። እኔ ነኝ ቸኩዬ…» ከዚያ ድምፃቸውን ሰብሰብ አደረጉ። «ብቻሽን እንዳትነግሪያት ልጄ። ሽማግሌዎቹ ቀድመው ተገኙልኝ፣ መንገድ ላይ ነን፣ ትራፊኩ ነው እንጂ ደርሰናል። ብትወድቅብሽስ? ለሴት ብቻዋን ከባድ ነው፣ ግማሽ ሰዓት ታገሺኝ።»

«ጋሼ፣ ግማሽ ሰዓት የለም» ብዬ ጆሯቸው ላይ ዘጋሁት። በዕድሜዬ ሽማግሌ ላይ ስልክ ስዘጋ የመጀመሪያዬ ነው።

ገባሁ። እግሬ ሰው እየረገጠ መስመራችን ላይ ደረስኩ። ተቀምጬ ክንዷን ያዝኩና፣ እንደተመኘችው በአንድ ዓረፍተ ነገር ነገርኳት። «እናትሽ ታመው ሆስፒታል ናቸው፣ በሕይወት አሉ፣ ስልክ ላይ እየጠበቁሽ ነው፣ ተነሺ።»

ፈንዲሻው ወደቀ። አየችኝ፤ በፊልሙ ብርሃን ፊቷን ሙሉ በሙሉ አየሁት። ከዚያ ጮኸች።

እንዴት ሳልጠረጥር ቀረሁ? እሷም የእኛው ሰው ናት። ታመዋል ስትባል የገባት እኔ ጠዋት የገባኝ ነው። ስልኩን፣ ምሳውን፣ ሲኒማውን በአንዴ ገጣጠመችው። «እኔንም! እኔንም እንደዚያች ሴት! እናቴን! እናቴን!» ደረቷን ትደቃለች፣ ሕዝቡ ዞሮ ያየናል፤ አንዱ ዝም በሉ ይላል፣ ሌላው ሐኪም ልጥራ ይላል። እኔ ወገቧን ይዤ እጎትታለሁ። «ማርያምን በሕይወት አሉ! ልጄ ትሙት በሕይወት አሉ!» ማን ያምነኛል! ስንት ሰው በዚህ አፌ ዋሽቻለሁ።

ኮሪደሩ ላይ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። በአንድ እጄ እሷን፣ በአንድ እጄ ስልኩን ይዤ ደወልኩ። ወንድሟ አነሳ። «ጆሮዋ ላይ ነው፣ ተናገሪ» ይላል። እሷ ግን መስማት የለም፤ «እናቴን! ሳላያት! ድምፅሽን ሳልሰማ!» እያለች ሙሾ ታወርዳለች። ሴትየዋ በሕይወት ተኝተው የራሳቸውን ለቅሶ ከልጃቸው አፍ እየሰሙ ነው። እኔ ድምፁን ከፍ አድርጌ ስልኩን ፊቷ ላይ ከመደገን በቀር የማደርገው ጠፋኝ።

ያኔ ነው የመጣው፤ ቀጭን፣ የደከመ፣ ትንፋሽ የሚያጥረው ድምፅ።

«ምንድን ነው? ማን ሞቶባት ነው ልጄ እንዲህ የምታለቅሰው?»

ጓደኛዬ ጩኸቷን ዋጠችው። እንዲያው በአንዴ፣ በጉሮሮዋ ሲወርድ አየሁት። ስልኩን ከእጄ ወሰደች፣ በመዳፏ ፊቷን ጠረገች፣ ሁለት ጊዜ ተነፈሰች።

«ማንም እማዬ» አለች። «ማንም አልሞተም። ሲኒማ ቤት ነኝ። ፊልም ነው ያስለቀሰኝ።»

«ለፊልም? አይ ልጄ…» ሳቅ የመሰለ ነገር ተሰማ። «ምሳ በላሽ?»

«በልቻለሁ እማዬ። ጠግቤያለሁ።»

«ጎሽ።»

ከዚያ በኋላ ያወራችው እሷ ነች፤ ስለ ሥራዋ፣ ስለ ዝናቡ፣ የሚቀጥለው ፋሲካ እንደምትመጣ። ከወዲያ ትንፋሽ ብቻ ነበር። ወንድሟ ደክሟታል፣ ነገ ትደውያለሽ አለ።

ነገ አልደረሰም። ሽማግሌዎቹ ሊንውድ ደርሰው ሳሎኗ ውስጥ አንገታቸውን ደፍተው እንደተቀመጡ፣ እዚያ ሊነጋጋ ሲል፣ ከፍቼ የመለስኩላት ስልኳ ጮኸ። ራሷ አነሳችው፣ ሰማች፣ ዘጋችው። «አሁን ሞተች» አለችን።

ከዚያ ወዲያ ለቅሶ ተቀመጥኩ፣ ሣህን አጠብኩ፣ ሰው አስተናገድኩ፤ ዓይን ለዓይን ግን አልተያየንም። ከአርባው በኋላ አንድ ከሰዓት ወጥ ቤቷ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ቀረን። ይቅርታ የምትለዋን ቃል ስንት ቀን ሳዘጋጃት ሰንብቼ ገና «እኔ እኮ…» ስል አቋረጠችኝ።

«ለእናቴ የመጨረሻ የነገርኳት ነገር ውሸት ነው» አለች። «ይህን እያሰብኩ በጣም ጠልቼሽ ነበር። ቀትር ላይ አገናኝተሽኝ ቢሆን እውነቱን አወራት ነበር፣ እሰናበታት ነበር እያልኩ። ከዚያ ደግሞ ሳስበው፣ ቀትር ላይም ትድኛለሽ ነበር የምላት። ስልኩ ላይ ከትንፋሿ ገብቶኛል እኮ። እየሞተች እንደሆነ አውቄ ነው ስለ ፋሲካ ያወራኋት።»

ውሃው እየፈሰሰ ነበር። ዘጋችው።

«እኔም አልነገርኳትም» አለች።